ሐመዱ ያላየው ጎርፍ

ጡረታ የወጣሁት ከመጋዘን ዘበኝነት ነው። ደብዳቤው ላይ እንደዚያ ይላል፤ ያለውን ይበል። የኔን ዕድሜ የበላው ፊልም ነው። ከሚሴን፣ ጨፋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን በላንድሮቨር እየዞርኩ ፊልም የሚታይበትን አቡጀዲ ስሰቅልና ሳወርድ ጠጉሬ ነጣ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልገፋሁበት። አጻጻፌ ያልጣመው ይተወው፤ እንዲጥም ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ ጎረምሳ ነው። በቀደም ከሚሴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩን ዓይኔ ሥር አመጣና «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ድምፅ የሌለው ፊልም ነው፣ የጥንት። አንዲት ሴት የልጇን ሬሳ ተከትላ ትሄዳለች። አካሄዷ ግን እንደተባረረች ዶሮ ነው። እየተንደረደረች ትሄዳለች፣ እየተንደረደረች ታለቅሳለች። ልጁ በሳቅ ፈረሰ። የድሮ ሰው እንዲህ ነበር እንዴ የሚራመደው አለኝ። የቸኮለው ማሽኑ ነው፣ ሴትዮዋ ቀስ ብላ ነው የሄደችው አልኩት። «እሺ አባባ» አለና ለጓደኛው አሳየው፤ ያም ሳቀ። እኔ ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጋሽ እንድሪስ በሕይወት ቢኖርና ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ምንም አይልም ነበር። እንዴት ምንም የማይል ሰው እንደሆነ ነው የምናገረው።

ጋሽ እንድሪስ የደሴ ሰው ነው፣ የኔ አስተማሪ። በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ አንድ ሲኒማ ቤት ገብቶ ከአንድ ግሪክ ሥር የፊልም ማሽን ማስኬድ ተማረ። ሲኒማ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን ሲጥል ዲዳ ፊልሞች ያሉበትን ሣጥን ለምኖ ወሰደ። ድምፅ አልባ ይሏቸዋል የተማሩቱ፤ እኛ ዲዳዎቹ ነበር የምንላቸው። ደርግ ወድቆ ከሚሴ የዞን ከተማ ስትሆን፣ መሥሪያ ቤታችን ስለ ወባና ስለ ክትባት የሚያስተምር ፊልም በየገበያው ማሳየት ጀመረ። እሱ ከነሣጥኑ ተቀጠረ፣ እኔ ሞተር የማስነሣ ረዳቱ ሆንኩ። ደመወዙን አላነሣም፤ የሚነሣ አልነበረም።

ገበሬ ወባን ለማየት ብሎ ገበያ ላይ አይቆይም። ወባን እቤቱ ያውቃታል። ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ አስቀድሞ ከዲዳዎቹ አንዱን ያሳያል፣ ሰው ከሞላ በኋላ ወባዋን ያስከትላል። የሰንበቴ ገበያተኛ ከሩቅ ስለሚመጣ ሳይመሽ ይበተናል፤ እዚያ የእህል መጋዘን ውስጥ በሩንና መስኮቱን በሸራ ደፍነን በቀን እናሳያለን።

ፊልም ከመንካቱ በፊት እጁን ለሶላት እንደሚታጠብ ሰው ይታጠባል። ፊልሙ መብራቱ ፊት ከመድረሱ በፊትና ካለፈ በኋላ ትንሽ ልቅ ቀለበት ይተውለታል፤ ቀለበቱ ከጠበቀ የማሽኑ ጥርስ በፊልሙ ጠርዝ የተደረደረውን ቀዳዳ ይቀደዋል። «ፊልም እንደ በቅሎ ነው ሰይድ፣ ልጓም ካጠበቅህበት ይጥልሃል» ይለኛል። ሲበጠስ ጫፉን በምላጭ ይፍቃል፣ ማጣበቂያውን በላባ ይቀባል፣ ትንፋሹን ይዞ ይጫነዋል። ያን ጊዜ የሚያናግረው ሰው ወየውለት።

ከሁሉ በላይ የሚጣላው ስለ ፍጥነት ነው። ማሽናችን ሁለት ፍጥነት አለው፣ አንዱ ድምፅ ላለው፣ አንዱ ለዲዳው። ዲዳውን በባለድምፁ ካስኬድኸው ሰው ሁሉ ይንቀዠቀዣል፤ ያ ነው የሻይ ቤቱን ልጅ ያሳቀው። በጀመርኩ ሰሞን ጨፋ ሮቢት ላይ ረስቼ በፈጣኑ ለቀቅሁት። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ደስ አለኝ። ጋሽ እንድሪስ መጥቶ መቀየሪያውን ራሱ መለሰው። «ሰውየው ሲሠራው እንደ ሰው ነው የተራመደ። አንተ ማን ነህና ታስሮጠዋለህ?»

ለየፊልሙ ስም አውጥተንለት ነበር። አንዱ ሯጩ ነው፣ ፖሊስ የሚያባርረው ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል፣ ወንበር ላይ ቆሞ ወንበሩ የሚከዳው ሰውዬ። አንዱ ጥላው ነው፤ አውሬው ራሱ አይታይም፣ ጥላው ብቻ ግድግዳ ላይ ደረጃውን ሲወጣ ይታያል። አንዱ ባቡሩ ነው፣ ሽፍቶች የሚያቆሙት፣ ፈረሰኛ ሊያድነው የሚጋልብለት። አራተኛዋ ጎርፏ ናት። ወንዝ መንደር ይወስዳል፤ አንዲት እናት ሕፃኗን ጣሪያ ላይ አስቀምጣ እሷ ውሃ ትገባለች።

ስለ ፊልም የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከጎርፏ ነው። አንድ ቀን ተበጥሳ ስንቀጥላት ቁራጭ ተምታታብንና የእናቲቱ ፊት ከመጣ በኋላ መምጣት ያለበት ሕፃን ቀርቶ ዳቦ የተቀመጠበት ጠረጴዛ መጣ። አንዲት አሮጊት «ውይ፣ ጾሟን ውላለች» ብለው አዘኑላት። ለሚቀጥለው ገበያ አስተካክለን ሕፃኑን መለስነው። ያንኑ ፊት ሰዉ አየና «ለልጇ ፈራች» አለ። ፊቷ አንድ ነው፣ ፀጉር ታህል አልተለወጠም። ጋሽ እንድሪስ፣ ከዚህ ወዲያ የመጣ ፊልም ሁሉ የኖረው በዚህችው ዘዴ ነው አለኝ። ፊቱ አያለቅስም፤ ቀጥሎ የምታመጣው ነው የሚያስለቅሰው።

እንግዲህ ዲዳ ፊልም አፍ ይፈልጋል። መሀል መሀል የሚመጣውን የፈረንጅ ጽሑፍ የሚያነብ የለም። ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ ከአቡጀዲው ጎን ይቆምና ይተርካል፣ ባማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ የሴቷን በሴት ድምፅ፣ የሌባውን በሌባ ድምፅ። በሥራ ላይ ቃል የሚቸግረው ሰው ያን ጊዜ ወንዝ ይሆናል። «የፊልሙ አፍ» ይሉታል ሕዝቡ። አንድ ልማድ ነበረው። የሩቅ አገር ሰው አያስለቅስም ብሎ ለቦታው ሁሉ የኛን ስም ይሰጠዋል። ሯጩ ከሚሴ ገበያ መሀል ይሮጣል። ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። የጎርፏ ወንዝ ቦርከና ነው፣ የሚጠፋው መንደር ጨፋ ነው። ሰዉ እውነት እንዳልሆነ እያወቀ ይወድለታል። አንዱ ከመሀል «ጋሽ እንድሪስ፣ የኔን ጎጆ አስተርፍልኝ» ብሎ ይቀልዳል፣ እሱም መልሶ «ያንተን ቀድሞ ወስዶታል» ይለዋል።

ሰንበቴ ላይ የሆነው በበልግ ነው። ደጋው ላይ ሰሞኑን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ቆላው ግን ደርቋል። አፋሮቹ ከብቱን ወደ ጨፋ ሣር ሊያወጡ የሚሰናዱበት ወቅት ነው፣ ያባት ያያት ልማድ ነው።

ስለ አፋሮቹ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ ይጠያየቃሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ሐሜት አይደለም። ውሃ የት አለ፣ ሣር የት በቅሏል፣ ማን ሞተ። ያየውን አየሁ ይላል፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይናገራል። የሰማው ደግሞ ቃል ሳያጎድል ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሬዲዮ ሳይኖር አገር ለአገር የኖረው በዚህ ነው። ስለዚህ ውሸት አይገባበትም።

ሐመዱ የሚባል ሽማግሌ ፍየልና ቅቤ ሊሸጥ ሰንበቴ መጥቶ ነበር። ግመሎቹን ይዞ የመጋዘኑ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አልገባም፣ ግመል ጥሎ የት ይገባል? ውስጥ ጎርፏን እያሳየን ነው። ጋሽ እንድሪስ እንደዚያን ቀን ሆኖ አያውቅም። ቦርከና ሞላ፣ ጨፋ ተወሰደ፣ ሣሩ ረግረግ ሆነ፣ ከብቱ እያገሣ ሰመጠ አለ። ሴቶቹ አለቀሱ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ግድግዳ ሁሉንም ለሐመዱ አሰማው።

ሐመዱ እንደሰማ ተነሥቶ አልሮጠም። ደንቡ እንደሱ አይደለም። ሰዉ ወባዋ እስክትጫን ወጣ ሲል አንዲት ዓይኗን የምትጠርግ ሴት አቁሞ ጨፋ ምን ሆነ ብሎ ጠየቃት። ወንዙ ወሰደው አለችው። በዓይንሽ አየሽ? አየሁ እንጂ። ሕፃኑስ? ሕፃኑ ተረፈ፣ እናትየዋ ሄደች። ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ያም ቃል በቃል ያንኑ አለው። ያየ ሰው ሁለት ሲሆን ወሬው ሙሉ ነው። ፍየሉን ሳይሸጥ ግመሎቹን ነድቶ ወረደ። እኛ ውስጥ ሆነን የወባዋን ፊልም እየጫንን ነበር።

ወሬው ቆላውን አዳረሰ። ወደ ጨፋ ሊወጣ የተነሣው ከብት ሁሉ ፊቱን መለሰ። የዞረበት አገር ደግሞ ሣር አልነበረውም። ከብቱ እዚያው ሐሩር ላይ አለቀ። ጨፋ በዚያ በልግ እስከ ጉልበት ሣር ነበረች፣ ሰው ያላጨደው።

ሐመዱ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ከሚሴ መሥሪያ ቤታችን የመጣው ነገሩ ከተጣራ በኋላ ነው። ኃላፊው ወንበር ሰጣቸው፣ ጋሽ እንድሪስን አስጠራ፤ እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። ኃላፊው ሳይጠየቅ ስለ ካሣ ማውራት ጀመረ፣ መሥሪያ ቤቱ እንደማይመለከተው። ሐመዱ እጁን አነሣ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ነው የተናገረው።

«ከብት ይወለዳል። እኔ የመጣሁት ለቃል ነው። ለሰዎቼ ምን እንደነበር የምነግረውን ስጡኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ተረት ነው አለ። የመብራት ሥዕል ነው፣ የሩቅ አገር ነው፣ ሰው እንዲወደው ብዬ ነው ያገራችንን ስም ያገባሁበት አለ።

«ሥዕሉን አላየሁም። ያንተን ድምፅ ነው የሰማሁ።» ሐመዱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ወሬ አይጠይቀኝም። ገባህ? እንደሞተ ሰው ነው የሚያልፈኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ያን ጊዜውኑ ላሳይህ አለው፤ አሁን፣ እዚህ፣ ግድግዳው ላይ። አይተህ ምን እንደነበር ላገርህ ተናገር፣ ያየኸውን ትላለህ አለው። ሐመዱ ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ነበር? አልነበረም። ኃላፊው ግን ደንግጧል። ፊልሞቹ ከእንግዲህ አይታዩም፣ ነገር ያመጣሉ ብሎ ከነሣጥኑ መጋዘን አስቆለፈባቸው። ሐመዱ ሳያይ ወረደ። ጋሽ እንድሪስ ከዚያ ቀን ጀምሮ መተረክ ተወ። ወባዋን በወባዋ ድምፅ እናሳያለን፤ እሱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሕዝቡ አፍህ የት ሄደ ሲለው ፈገግ ይልና ጫማውን ያያል።

ሕዝቡም ቀረ። ተንቀሳቃሽ ሲኒማው ተዘጋ። ላንድሮቨሩ ግቢ ውስጥ ጎማው መሬት ገባ። ጋሽ እንድሪስ በጡረታ ተሰናበተ፣ እኔ ወይዘሮ ዘሃራ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ዘሃራ ነጋዴ ናት፣ ምላሷ የሚለበልብ፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ደርድራ የሕንድ፣ የካራቴ፣ የጥይት፣ የመንፈስ ፊልም ታሳያለች። ጋሽ እንድሪስ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሷ ከፍሎ አያውቅም ብላ ትነግረኛለች፤ አስወጪው ስላት ደግሞ አታስወጣውም።

እዚያ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ካራቴ የሚባለው፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ በወንበርና በመሰላል የሚደባደበው ሰውዬ፣ ሯጩ ነው። ቡጢ ጨመሩበት እንጂ አወዳደቁ የሱ ነው። በመንፈስ ፊልም በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈት ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን የሚይዘው ከጥላው የተነሣ ነው፤ የማታየው ነገር ከምታየው ይከፋል ብሎ መጀመሪያ ያወቀ ያ ጥላ ነው። በጥይቱ ፊልም የታሰረውን ሰውዬ ያሳዩህና ሊያስፈታው የሚጋልበውን ያሳዩሃል፣ እንደገና የታሰረውን፣ እንደገና የሚጋልበውን፣ ልብህ ወዲያና ወዲህ እስኪሰነጠቅ። ባቡሩ ነው ያ። የሕንዷ እናት ልጇን ስታጣ ካሜራው ፊቷ ድረስ ይጠጋል፣ ቀጥሎ ባዶ አልጋ ያመጣል። ጎርፏ ናት። ሁሉም ድምፅ አበጁ፣ ቀለም አበጁ፣ ዘፈን አበጁ፤ አጥንታቸው የዲዳዎቹ ነው።

ጋሽ እንድሪስን ይቺ እናት የማን ናት እለዋለሁ። «የጎርፏ» ይለኛል።

ዘሃራ ስትሰማን ትስቃለች። «ሰይድ፣ ያንተ ፊልም ሁሉ አያት አለው። የኔ ደንበኛ የልጅ ልጁን ነው የሚፈልገው፣ እሱንም ቶሎ ከጨረስክለት ነው።» እውነቷን ነው። የሕንዷ እናት ማልቀስ ስትጀምር ጎረምሶቹ «አሳልፈው!» ይላሉ። ሪሞቱ በእጄ ነው፣ አላሳልፍም እላለሁ። ዘሃራ ከእጄ ወስዳ ታሳልፈዋለች፤ እናቲቱ እንደዶሮ ተንደርድራ ታለቅሳለች፣ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ጋሽ እንድሪስ ያን ጊዜ ተነሥቶ ይወጣል። ነገ ተመልሶ ይመጣል።

ዲሽና ስልክ ሲመጣ የዘሃራ ቤትም ተዘጋ። እኔ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤት ተመልሼ የመጋዘኑ ዘበኛ ሆንኩ። ሰው ዘበኝነት ወረድህ አለኝ። ወርጄ አይደለም፤ ሣጥኑ እዚያ ስለነበር ነው። ጋሽ እንድሪስ ያቺ ሣጥን ከመሞቴ በፊት ከእጄ ካልገባች፣ ሐመዱም በዓይኑ ካላየ፣ አላህ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ ይለኝ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረውም። ለኃላፊዎቹ ደጋግሜ ጠየቅሁ። አንዱ ይታያል አለኝ፣ አንዱ ሣጥኑ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። መጨረሻ የመጣው መጋዘኑ ይጽዳ፣ ይሄ ቆሻሻ ይጣል አለ። የሚጣለውን፣ ሣጥኑንም ማሽኑንም አቡጀዲውንም፣ ተሸክሜ ጋሽ እንድሪስ ቤት ወሰድኩት።

የመጋዘኑ ጣሪያ ለዓመታት ሲያፈስበት፣ የከሚሴ ፀሐይም ሣጥኑን ሲቀቅለው ኖሯል። ክዳኑን ስንከፍት ፊልም ሲበሰብስ የሚያመጣው የኮምጣጤ ሽታ ፊታችንን መታን። ሯጩ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥላውና ባቡሩ ስንነካቸው ረገፉ። ከጎርፏ አንድ ጥቅል ብቻ ሊፈታ ፈቀደ። ጋሽ እንድሪስ እጁን ታጠበ። ስንት ቀን በጥላ አየር ሰጠነው፣ በጥጥ ጠረግነው፣ የተቀደደውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ቀጠልን። እኔ አይሆንም እያልኩ ሠራሁ፣ እሱ ይሆናል እያለ ሠራ። ፊልሙ ተኮማትሮ አጥሯል፤ ቀዳዳውና ጥርሱ አይገናኙም። ያን እሱም ያያል፣ ግን አይናገርም።

በሰንበቴ ገበያተኞች በኩል ለሐመዱ ላክንበት። መጣ። ሁለቱም አርጅተዋል። ያንኑ የሰንበቴውን መጋዘን ለመንን፣ ሸራ ደፈንን፣ ያንኑ አቡጀዲ ሰቀልን። ለሐመዱ ፊት ለፊት ወንበር ሰጠነው። በትሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሌላ ሰው አልገባም።

ቀለበቱን ከልማዴ አብልጬ ልቅ አደረግሁት። ፍጥነቱን የዲዳው ላይ አደረግሁት። ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅሁ።

አቡጀዲው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ውሃ ይሁን ጭስ አይለይም። ሥዕሉ እንደ አሮጌ ቀለም ተፈርፍሯል። ጣሪያው ይታይ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፣ ፊቷ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጥርሱ ቀዳዳ ሳተ፣ ፊልሙ ተንቀጠቀጠ፣ ተበጠሰ። መብራቱ ባዶውን አቡጀዲ መታው። ነጭ።

ሐመዱ ነጩን አየ። ይቀጥላል ብሎ ይሆናል፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ።

«ይህ ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ተነሣ። ከአቡጀዲው ጎን፣ ድሮ የሚቆምበት ቦታ ሄዶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሊተርክ እንደሆነ ገባኝ፤ ያንን ሁሉ ዓመት ዘግቶት የኖረውን አፍ ሊከፍት፣ ወንዙን፣ ጣሪያውን፣ ሕፃኑን በባዶው ላይ ሊያሳየው። «ወንዙ...» አለ።

ሐመዱ እጁን አነሣ።

«ተው። አንድ ጊዜ ሰምቼሃለሁ።»

በትሩን ተደግፎ ተነሣ፣ ሸራውን ገልጦ ወጣ። ጋሽ እንድሪስ ብርሃኑ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። እኔ ማሽኑን አጥፍቼ ሐመዱን እስከ በሩ ተከተልኩት። ከደጁ አንድ ያገሩ ጎልማሳ አገኘው፣ ከገበያ የሚመለስ። እጁን ስሞ ሰላም አለው። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ ሳይጠይቀው አለፈ።